አዳራሽ የሚሞላው በስልክ ነው

(የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ስብስብ ለባች ተወካዮቹ ባዘጋጀው ስብሰባ መስከረም 23 ቀን 2019 ዓ.ም. የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የየባቹ ተወካዮች፣ ከቢሾፍቱ ማልዳችሁ የመጣችሁ የእንስሳት ሕክምና ምሩቃን፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ከኋላ ወንበር ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማችኋል? የሚሰማችሁ እጃችሁን አንሡ እስቲ። ጥሩ። ይህን የጠየቅሁት ለወግ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ የተጠራችሁት የ2019ን ዝግጅቶች ለመስማት ነው። አምስቱ ተቆርጠዋል። ኅዳር 5 የስድስት ኪሎ ግቢ ጉብኝት፣ ታኅሣሥ 10 በኢንተርኔት የሚደረግ ውይይት፣ ጥር 13 ከውጭ ለመጡ ወገኖቻችን የእራት ምሽት፣ መጋቢት 11 የግጥምና የንግግር ከሰዓት፣ ግንቦት 21 የቤተሰብ ቀን። ይኸው ነው። ይህን ብቻ ለመናገር ከሆነ አንድ መልእክት በቴሌግራም ይበቃ ነበር፤ እናንተንም ቅዳሜያችሁን ባላስፈታኋችሁ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቴሌግራም ላይ 800 ሰው ያለበት ግሩፕ አለን። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ልብ ይደረግበታል፣ እጅ ይነሣበታል፣ «በርቱ» ይባላል። በዕለቱ አዳራሽ የሚገኘው ማን ነው? ጓደኛው የደወለለት ነው። ሰው ለፕሮግራም ብሎ ከቤቱ አይወጣም፤ «አንተ ከመጣህ እመጣለሁ» ብሎ ነው የሚወጣው። ዛሬ በሦስት ነገር ላይ እናገራለሁ፦ ቀን አቆራረጥ፣ ሰው አጠራር፣ የዕለቱ ውሎ። ሁሉም ወደዚህች ወደ ስልኩ ጉዳይ ነው የሚመለሱት። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ የሚከብደው ላይ እቆያለሁ።

ከቀኑ ልጀምር።

ኅዳር 5 ለምን ሆነ? ቀጣዩ ቅዳሜ ኅዳር 12 ነዋ! ኅዳር 12 ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ንግሥ አለ። በዚያ ላይ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው፤ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣው ልማድ ዛሬም በየሰፈሩ ቆሻሻ ያስቃጥላል። ከተማው በጭስ በታፈነበት ጠዋት አስምና ሳይነስ ያለባቸውን አንጋፋዎቻችንን የግቢ ጉብኝት ብለን ልናወጣቸው ነው? ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ኅዳር 5። ዛሬ መስከረም 23 ነው፤ ቁጠሩት፣ እስከ ኅዳር 5 ድፍን 42 ቀን ነው። ስድስት ሳምንት። ዛሬ ተሰብሰቡ ያልናችሁ ለዚህ ነው፤ በአጋጣሚ አይደለም።

የዘንድሮው አስቸጋሪ ጊዜ የዓመቱ አጋማሽ ነው። አምና በ2018 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡልን፤ አብረው ይግቡ እንጂ አብረው አልወጡም፤ ረመዳን ቀድሞ አለቀ። ዘንድሮ ግን ተከታትለው ነው የሚመጡት። ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ይገባል፤ እሱ ሊያልቅ ሲል የካቲት 29 ሁዳዴ ይጀምራል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። እንግዲህ ከየካቲት መባቻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከመካከላችን ግማሹ ጾመኛ ያልሆነበት ሳምንት የለም። ሦስት ወር ሙሉ ዝም እንበል? አንልም። መጋቢት 11ን የመረጥነው በሐሳብ ነው። ኢድ አልፏል። ሁዳዴ ነው፣ ግን ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጾም የለም፣ ቅዳሴው በጠዋት ይወጣል፣ ሰው ቡናውን ጠጥቶ በሰላም መምጣት ይችላል። ይህንኑ ዝግጅት ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ ብናደርገው ግማሹ ሰው አፉን ሳይፈታ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነው ግጥም የሚሰማው።

ጥር 13 ደግሞ ሐሙስ ነው። «ለምን በሥራ ቀን?» የሚል ጥያቄ ደርሶናል። ጥር ነዋ፣ ወገኖቼ! በጥር ቅዳሜና እሑድ የሠርገኛ ነው፤ ከሠርግ ጋር የሚፎካከር የምሩቃን ማኅበር በዚህች አገር የለም። ጥር 11 ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል፤ 12 ቃና ዘገሊላና ሚካኤል ነው፤ እሱም ረቡዕ ነው። ዓርብ ሥጋ የማይበላ ብዙ ነው፤ ከውጭ የመጡትም ቅዳሜና እሑድ ሻንጣ ማሰር ይጀምራሉ። የቀረው ሐሙስ ነው። ሰዓቱን 12 ሰዓት ተኩል ያልነው መንገዱ እስኪተነፍስ ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ወደ አጠራሩ እሄዳለሁ። ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ዘንድሮ 6 ትሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2020 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው፣ 11 አይደለም። ገናም በ2020 ታኅሣሥ 28 ይውላል። ለከርሞ ካላንደር የምታሳትሙ፣ ለውጭ አገር ሰው አስቀድማችሁ ቀን የምትልኩ፣ በስልካችሁ ያለውን መቀየሪያ ሳታረጋግጡ እንዳትልኩ። የአንድ ቀን ስሕተት ሰውን ባዶ አዳራሽ በር ላይ ያቆማል። ለሰው ስትልኩ ሦስቱን ጻፉ፦ የእኛን ቀን፣ የፈረንጆቹን ቀን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳምንቱን ቀን ስም። «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ካላንደር ያስታርቃል።

ሁለተኛው ነገር አጠራር ነው። እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ብትሰለቹም ታገሡኝ።

እያንዳንዱ ተወካይ የሚደውለው ለስንት ሰው ነው? ከ20 እስከ 25። ከዚያ በላይ አይቻልም። አንድ ስልክ «ልጆችስ? እናትህ ተሻላቸው?» ተብሎ፣ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 25 ሰው ማለት ከአራት ሰዓት በላይ ስልክ ላይ መቆየት ነው። ይህን በአንድ ቀን የሚጨርስ የለም፤ በሳምንት ግን ይጨርሰዋል። 60 ስም የተሰጠው ሰው ለአሥሩ ደውሎ ለሌላው በጅምላ ይልካል፤ በጅምላ የተላከለት ደግሞ አይመጣም። ባቹ ትልቅ ከሆነ በዲፓርትመንት ክፈሉት፤ ዲፓርትመንቱም ትልቅ ከሆነ በዶርም። አትሣቁ! ዶርም የሚያስታውሰውን ሰው ሬጅስትራር አያስታውሰውም።

የአጠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ስድስት ሳምንት ሲቀር ይደወላል፤ ይህ ደውል ለመጠየቅ ነው፣ «ቀኑን ያዝልኝ» ለማለት ብቻ። አንድ ወር ሲቀር ክፍያና ምዝገባ ይላካል። አንድ ሳምንት ሲቀር አጭር መልእክት። ዋዜማው ላይ ሁለተኛው ደውል። ብዙዎቻችን የምንዘላት ያቺን የዋዜማዋን ደውል ነው፤ «አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ» ብለን። ስንቱ ሰው ነው «ዛሬ ነው እንዴ? እኔ የሚቀጥለው መስሎኝ» የሚለው? በዋዜማው ደውል ላይ «ትመጣለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በምን ትመጣለህ? ማንን ይዘህ ትመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «እሞክራለሁ» የሚል መልስ ነው ያለው። የሁለተኛው መልስ መኪና የሌላቸውን ጋሼን ከቤታቸው የሚያመጣ ሰው ያስገኝላችኋል።

«እመጣለሁ» ካሏችሁ ከ10 ሰው 6 ቁጠሩ። ገንዘብ አስቀድሞ ከከፈለ 9 ቁጠሩ። ይህ ጥናት አይደለም፤ ወንበርና እንጀራ ስናሰላ የምንሠራበት ነው። ቀሪው አንዱ ልቅሶ ገጥሞት ነው፤ ለልቅሶ ብሎ የቀረን ሰው አንቆጣም፣ ገንዘቡም ይመለስለታል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። የስም ዝርዝራችን ትልቁ ችግር ምንድን ነው? ባች የሚለው ቃል ነው። ባች ስንል የገባንበት ዓመት ነው ወይስ የተመረቅንበት? እንደ ወጉ የተመረቅንበትን ነው የምንጽፈው። ግን አስቡት። ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር፤ ተማሪው ትምህርቱ መሀል አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ አስተምሮ፣ ሠርቶ ይመለስ ነበር። በ1967 ደግሞ ዕድገት በኅብረት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪው ዘመተ። ከዘመቻ ያልተመለሰ አለ፤ ተመልሶ ትምህርቱን ያልቀጠለ አለ፤ ከአገር የወጣ አለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከታናናሾቹ ጋር የተመረቀ አለ። ይህን ሰው በተመረቀበት ዓመት ብትጠሩት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ጓደኞቹ ያሉት ከገባበት ዓመት ጋር ነው። ያልተመረቁትማ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጥተዋል! በእኔ ግምት የማኅበራችን ታማኝ አባል የሚሆነው ያ ዲግሪውን ሳይዝ የቀረው ሰው ነው፤ የሚጠራው ግን የለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፦ የገባበት ዓመት፣ የተመረቀበት ዓመት። ሁለተኛው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ግን አይሆንም። ጠረጴዛ የሚደለደለው በአንደኛው ነው። ለ2012ቱም እንዲሁ ነው፤ ኮሮና የበታተናቸው ልጆች ከአሁኑ በገቡበት ዓመት ይመዝገቡ።

ሌላም አለ። ሐረማያ፣ በድሮ ስሙ አለማያ፣ የእኛ ነበር፤ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት አለማያ ተምሮ የተመረቀ ሰው ዲፕሎማው ላይ የማን ስም አለ? የጎንደር ጤና ኮሌጅ ልጆችስ? እነዚህ ሰዎች ሁለት ቤት አላቸው። «የእኛ ነህ ወይስ የእነሱ?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። በሁለቱም ይመዝገቡ፤ ለሁለቱም መዋጮ ካልጠየቅናቸው ደስ ይላቸዋል።

አሁን ስለ ታኅሣሥ 10 ልናገር፤ ይህ የውጮቹ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በእኛ። ዋሽንግተን በዚያ ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ለንደን ከቀኑ 11፤ ሮምና ስቶክሆልም 12፤ ኢየሩሳሌም ከምሽቱ 1፤ ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል፤ ዱባይ 3 ሰዓት። ለምን እሑድ አልሆነም? እሑድ እኩለ ቀን ላይ የዋሽንግተን ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ ማኅበር፣ ከዚያ ሠርግ ወይም ልቅሶ። ቅዳሜ ለእስራኤሎቹ ሰንበት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ በታኅሣሥ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ በእነሱ ምሽት 1 ሰዓት ሰንበት ወጥቷል። በሰኔ ቢሆን ይህ ሰዓት አይሠራም ነበር።

ሰዓቱን ስትልኩ ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ «2 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ሠላሳ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው «2 ሰዓት» ሲባል የሚያየው የእጁን ሰዓት ነው። «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 20:00፤ በዋሽንግተን 12:00 ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ለየከተማው ለየብቻ ላኩ፤ ሰው ደምሮ ቀንሶ እንዲያገኘው አታስገድዱት። በመጋቢት የምትደግሙት ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ አሜሪካ ሰዓቷን መጋቢት 5 ትቀይራለች፣ አውሮፓ መጋቢት 19። ከመጋቢት 5 ጀምሮ በታኅሣሥ የሠራው የሰዓት ሠንጠረዥ አይሠራም።

የዙም ነገር፦ ነፃው 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጣል፤ ከ100 ሰው በላይም አያስገባም። የአንድ ወር ክፍያ ይከፈል፤ ተናጋሪው ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ከመቋረጡ ይሻላል። እዚህ ያለው አስተናጋጅ መብራት ቢጠፋበት ስብሰባው አብሮ እንዳይጠፋ ሁለተኛ አስተናጋጅ ውጭ አገር ይኑር። ተናጋሪው ንግግሩን አስቀድሞ በድምፅ ቀርጾ ይላክልን፤ መስመሩ ከተበላሸ እሱን እናሰማለን። ርእሱ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመት ነው፤ የዚያን ጊዜ መምህራን የነበሩት ዛሬ በየአህጉሩ ስላሉ ወሬው ከዚህ አዳራሽ ይልቅ እዚያ ይደምቃል።

ሦስተኛው፣ የዕለቱ ውሎ።

ኅዳር 5ን ልውሰድ። ጠዋት 3 ሰዓት ስድስት ኪሎ በር ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ ከበሩ ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ። ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ምን ያህል ነገር ያየ ግቢ ነው? አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሹማምንት የተረሸኑት እዚሁ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ልክ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ጣሊያን የሠራው ደረጃ፣ በላዩ የእኛ አንበሳ የተቀመጠበት፣ እሱም አለ። በ1955/56 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ፣ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት አሉ። በእያንዳንዳቸው ፊት ለአራት ዓመት ሳናያቸው አልፈናል፤ ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ እየሮጥን!

ጉብኝቱን የሚያበላሸው ምንድን ነው? ብዛት ነው። 80 ሰው አንድ አስጎብኚ ቢከተል የሚሰማው ፊት ያሉት 15ቱ ናቸው፤ ሌላው ወሬውን ይቀጥላል። ስለዚህ በ20 በ20 አራት ቡድን፤ በ20 ደቂቃ ልዩነት ይነሣሉ፤ አንዱ ሙዚየም ሲገባ ሌላው ደረጃው ጋ ይሆናል። ሙዚየሙ ፎቅ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው አንጋፋዎች ምድር ላይ ወንበርና ቡና ይዘጋጅ፣ አንድ ወጣት አብሯቸው ይቀመጥ። ብቻቸውን አይተዉ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ወሬ እዚያ ነው ያለው።

የመግቢያ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ የስም ዝርዝርና የመኪና ታርጋ ተያይዞ ይገባል። ማኅተም የተመታበት ቅጂ ዓርብ ከሰዓት ጥበቃ እጅ መድረሱን አንድ ሰው በአካል ሄዶ ያረጋግጥ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ በር ላይ የምንለምነው ሰው የለም። ሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ።

የጥር 13ቱ እራት ሆቴል ነው፤ እዚህ ላይ ሒሳብ ያዙልኝ። ሆቴል «ለአንድ ሰው 1,000 ብር ፕላስ ፕላስ» ሲላችሁ 1,000 ማለቱ አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፤ 1,265 ብር ነው። ለ80 ሰው 80,000 ብር የመሰላችሁ 101,200 ሆኖ ይመጣል። ያ 21,200 ብር ከማን ኪስ ይወጣል? ከገንዘብ ያዣችን ኪስ! ስለዚህ ትኬቱ በሙሉ ዋጋው ይቆረጥ። ሆቴሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር የቁርጥ ቁጥር ይጠይቃል፤ የከፈለውን ብቻ ስጡት። ሰው ቢጨምር ምግብ ይጨመራል፤ ቁጥሩ ቢያንስ ግን ለባዶ ወንበር ትከፍላላችሁ። ክፍያው በማኅበሩ ሒሳብ ወይም በማኅበሩ ቴሌብር ብቻ ይግባ፤ በግለሰብ ስልክ አይሆንም፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስምና የገቡበት ዓመት ይጻፍ። «ያው እኔ ነኝ» የሚል ደረሰኝ ሒሳብ ሠራተኛን ያሳብዳል።

ስትመዘግቡ የምግብ ጥያቄ አትርሱ፦ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ፣ የጾም። ሁለቱ ሥጋዎች በተለያየ ጠረጴዛ፣ በተለያየ ጭልፋ፣ በግልጽ ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ለመጋቢት 11 ደግሞ ሁሉም የጾም ነው፤ ኬኩም ጭምር፣ እንቁላልና ቅቤ አይግባበት። ዓሣ አታምጡ፤ የዓሣ ክርክር ከተነሣ ግጥሙ ይቀራል። ለ100 ሰው 200 እንጀራ ይበቃል። ቡናው ለአቦል ብቻ ከሆነ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና በቂ ነው፤ የሚያጥረው ቡናው ሳይሆን ጀበናው ነው። በአንድ ጀበና 10 ሲኒ ቢቀዳ 100 ሰው ለማዳረስ አሥር ጊዜ መፍላት አለበት። ሦስት ቡና አፍይ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጀበና ንግግሩ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀር ይጣድ።

የመጋቢቱ ከሰዓት በኋላ የድሮውን የኮሌጅ ቀን ያስታውሰናል። በ1950ዎቹ አራት ኪሎ ተማሪዎች ግጥም እያነበቡ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ያዳመጡበት ጊዜ ነበር፤ ግጥሙም የሚያሞግስ ብቻ አልነበረም። ስድስት ገጣሚ፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ። አንድ ተናጋሪ፣ 25 ደቂቃ። ጥያቄ 25 ደቂቃ። የክብር እንግዳ ካለ 5 ደቂቃ፣ እሱም መጀመሪያ ላይ ብቻ። ይህን ስል የሚከፋው አለ፤ አውቃለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ «የመክፈቻ ንግግር» ተብሎ 40 ደቂቃ ከሄደ ተናጋሪው ምን ሊል መጣ? ለተናጋሪው አንድ ወር ቀድሞ አንድ ገጽ ይላክለት፦ ማን እንደሚሰማው፣ ስንት ደቂቃ እንዳለው፣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ምልክት እንደሚያይ። ምልክቱን የሚያሳየው ሰው ከተናጋሪው የሚያንስ ባይሆን ይመረጣል፤ ተማሪው አስተማሪውን «ይብቃዎ» ማለት ይከብደዋል።

ለጥያቄ ማይክራፎኑን ለጠያቂ አትስጡ፤ አስተናጋጁ ይዞለት ይቁም። ማይክ እጁ የገባ ሰው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል? ገና ስጀምር ከኋላ ይሰማችኋል ወይ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ሰው ሳይገባ አንድ ሰዓት ቀድሞ አንዱ መድረክ ላይ ይናገር፣ ሌላው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማ። ባዶ አዳራሽ ድምፅ ያጎላል፣ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይዋጣል፤ ስለዚህ ባዶውን ሳለ በቂ ከመሰላችሁ ትንሽ ጨምሩበት። መለዋወጫ ባትሪ ይኑር። ለፕሮጀክተሩ የኤችዲኤምአይም የቪጂኤም ገመድ ይያዝ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው በቃል አትመኑ፤ አስነሥታችሁ እዩ።

ደረት ላይ የሚለጠፈው ስም በትልቁ፣ በአማርኛ፣ ከሁለት ክንድ ርቀት እንዲነበብ ሆኖ ይጻፍ። ስም፣ የገቡበት ዓመት፣ ዲፓርትመንት። «ዶክተር» «ኢንጂነር» አይጻፍ። ሲያወሩ አንቱ ይባባሉ ዘንድ መብታቸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የዶርም ሰው ናቸው። የዶርም ቅጽል ስሙን መጻፍ የሚፈልግ ካለ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ከታች ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ በዝግታ ስሙኝ። በየዝግጅቱ ያረፉ ጓደኞቻችን ስም ይነበባል፣ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል። ይህ ዝርዝር በወሬ አይሞላም። «ሞቷል አሉ» በቂ አይደለም። ከቤተሰብ ወይም ቀብር ላይ ከነበረ ሰው ሁለት ምስክር ሳይገኝ ስም አይነበብም። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ሲነበብ ምን እንደሚሆን አስቡት። ወይም ደግሞ ባለቤቷ ያረፈ እናት መጥታ ስሙ ሳይነሣ ሲቀር። ዝርዝሩን በዋዜማው ሁለት ሰው ድምፅ አውጥቶ ያንብበው፤ አንዱ ከባቹ፣ አንዱ ከሌላ ባች።

የግንቦት 21 የቤተሰብ ቀን ቀላል ነው። ከዐረፋ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ፣ ጥላ፣ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት። ንግግር የለም። ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚናገር ሰው ካየሁ ማይኩን ራሴ ነው የምነቅለው። የሐምሌው አዲስ ምሩቃን መቀበያ ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ዩኒቨርሲቲው ምረቃውን ሲያሳውቅ እንቆርጣለን፣ ከዚያ በፊት ለማንም ቀን አትንገሩ።

እንግዲህ ወደ ሥራ። ከበሩ አጠገብ በጠረጴዛው ላይ በየገቡበት ዓመት የተከፋፈሉ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከ25 የማይበልጥ ስም አለ። ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ እሷ ከዝርዝራችን ለጠፋው፣ እናንተ ግን ለምታውቁት አንድ ሰው ናት። ፈርማችሁ ውሰዱ። ከ1967 በፊት የገባችሁ፣ የእናንተ ወረቀት ሰማያዊ ነው፤ ስልክ ቁጥር የሌላቸው ስሞች ስለሚበዙበት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውሰዱት። የመጀመሪያው ደውል እስከ መስከረም 30 ይለቅ። ቡናው ቀርቧል፤ አቦሉ ሳይበርድ።